ስድስት ቀን በሲንጋፖር፦ ሕንፃ ላይ የበቀለ ተክልና ውሃው የሚሄድበት መንገድ

ቀን 1 — ቻንጊ አየር ማረፊያ

ሻንጣውን ተቀብሎ ከተርሚናል 1 የወጣ መንገደኛ ጥቂት እንደተራመደ ጁዌል ውስጥ ይገባል። ሞሼ ሳፍዲ የነደፈው ይህ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ2019 ተከፈተ (በዚህ ማስታወሻ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከመስታወት ጣሪያው መሃል 40 ሜትር የሚወርድ ፏፏቴ አለው፤ ዙሪያውን በእርከን የተተከለ ደን ከቦታል። ሰው ሁሉ ካሜራውን ወደ ውሃው ያዞራል። ሕንፃ ላይ ተክል እንዴት እንደሚሠራ ለማየት የመጣ ግን ቀና ብሎ ጣሪያውን ማየት አለበት፤ እዚህ ደኑን በሕይወት ያቆየው ከጣሪያው የሚገባው ብርሃን ነውና።

ቀትር ላይ ደጅ ያለው ብርሃን 100,000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ይደርሳል። መብራት የበራበት ቢሮ ግን 300 ወይም 500 ሉክስ ብቻ ነው ያለው። ዓይናችን ከሁለቱም ጋር ስለሚላመድ ልዩነቱ አይታወቀንም፤ ተክሉ ግን ያውቀዋል። ጥላ የሚችሉ ቅጠላማ ተክሎች እንኳ በቀን ለ12 ሰዓት ያህል ወደ 1,000 ሉክስ ቢያገኙ ይመርጣሉ። ከ500 በታች ሲሆን ወዲያው አይሞቱም፤ ለወራት ያከማቹትን እየበሉ ይቆዩና ቅጠላቸው ይሳሳል፣ ግንዳቸው ይረዝማል፣ በመጨረሻ ይረግፋሉ። ባለቤቱም «ውሃ አንሶት ነው» ብሎ ውሃ ይጨምራል፤ ሥሩ የሚበሰብሰው ያኔ ነው። ቤት ውስጥ ከጥማት ይልቅ በውሃ ብዛት የሚሞተው ተክል ይበልጣል።

ስለዚህ ሎቢ ውስጥ ወይም ከደረጃ ሥር ተክል ከመሳሉ በፊት ብርሃኑ ይለካ። በስልክ የሚጫን መለኪያ ለመነሻ ይበቃል። ቅጠሉ በሚሆንበት ከፍታ ላይ ሆኖ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀትር 6 ሰዓትና ከሰዓት 9 ሰዓት ይለካል፤ ያውም ደመና ባለበት ቀን። ቁጥሩ ካነሰ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ ጣሪያውን መክፈት ወይም የተክል መብራት ማስገባት። መብራት ከሆነ ደግሞ የኤሌክትሪክ ወጪው ሕንፃው እስካለ ድረስ የሚቀጥል መሆኑን ባለቤቱ ከወዲሁ ይወቅ።

ሁለተኛው ትምህርት ማለማመድ ነው። የጁዌል ዛፎች ወደ ሕንፃው ከመግባታቸው በፊት ከመስታወት ሥር ብርሃን ጋር እንዲላመዱ በችግኝ ጣቢያ ቆይተዋል። ሜዳ ላይ ያደገ ዛፍ በአንድ ቀን ወደ ጥላ ከገባ በሳምንታት ውስጥ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ለሙሉ ፀሐይ ያበቀለው ቅጠል ጥላ ውስጥ ወጪውን አይሸፍንለትምና። በአነስተኛ ሥራም ያው ነው። ችግኙን ለሁለት ወር ግማሹን ብርሃን በሚከለክል መረብ ሥር፣ ከዚያ ለሁለት ወር ሰባ አምስት በመቶ በሚከለክለው ሥር አቆይቶ፣ ማዳበሪያም ቀንሶ ማስገባት ያስፈልጋል። የግንባታ መርሐ ግብር ላይ እነዚህ አራት ወራት ተጽፈው ያየንበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ «አትክልት» የምትለው መስመር ሁልጊዜ የመጨረሻው ሳምንት ላይ ትገኛለች።

ቀን 2 — ፒከሪንግ ጎዳና

ጠዋት ዝናብ ነበር። ሲንጋፖር በዓመት ከ2,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ እንደ እኛ ረጅም በጋ የላትም። ከሆንግ ሊም ፓርክ ፊት ለፊት ያለው ፓርክሮያል ሆቴል በእንዲህ ያለ ቀን መታየት ያለበት ሕንፃ ነው። ዎሃ የተባለው የአገሬው የአርክቴክቶች ቢሮ ነድፎት በ2013 ተከፈተ። ከታች ያለው የኮንክሪት ሽፋን እንደ ሩዝ እርሻ እርከን ተጠማዝዞ የተደራረበ ነው። ከላይ በክፍሎቹ ብሎኮች መካከል በየአራት ፎቁ የአትክልት ሰገነት ተንጠልጥሏል። አረንጓዴው ሲደመር 15,000 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ሕንፃው ካረፈበት መሬት ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ከላይ የሚሰበሰበው የዝናብ ውሃ ታች ያሉትን ተክሎች ያጠጣል፤ ሲጎድል ኒውዋተር የሚባለው ተጣርቶ ዳግም ጥቅም ላይ የሚውለው የከተማው ውሃ ይሞላዋል።

የዚህን ሕንፃ ተክል አይቶ «እኔም እፈልጋለሁ» የሚል ባለቤት ስለ ዛፉ ዓይነት ይጠይቃል። መሐንዲሱ ግን መጀመሪያ ሦስት ነገር ይመልስ፦ ውሃው በየት ይገባል? በየት ይወጣል? አትክልተኛው በየት በኩል ይደርሳል? ተክሉ የሚመረጠው እነዚህ ከተመለሱ በኋላ ነው። ሲንጋፖር ያየነው ሁሉ ወደዚሁ ይመልሰናል።

በክብደት እንጀምር። ለመኖሪያ ቤት ሶሌታ (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) በተለምዶ የሚታሰበው የሰውና የዕቃ ጭነት በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ተራ የጓሮ አፈር ውሃ ሲጠግብ አንዱ ሜትር ኩብ 1,800 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ለቁጥቋጦ የሚበቃ 60 ሳንቲ ሜትር አፈር ቢሞላ በካሬ ሜትር 1,080 ኪሎ ግራም ሆነ፤ ሶሌታው ከታሰበለት አምስት እጥፍ በላይ ነው። በእሳተ ገሞራ ድንጋይ የቀለለ ድብልቅ ውሃ ጠግቦ 1,200 አካባቢ ስለሚሆን ያው 60 ሳንቲ ሜትር ወደ 720 ይወርዳል። አሁንም ብዙ ነው፤ ሆኖም በንድፍ ጊዜ ከታወቀ የሚቻል ነው። ተሠርቶ ያለቀ ሰገነት ላይ ግን መሐንዲስ ሳያሰላው አፈር መጫን በሰው ሕይወት መጫወት ነው።

የሚያስፈልገው ጥልቀት በግምት እንዲህ ነው፦ ለሣር ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ለቁጥቋጦ ከ40 እስከ 60፣ ለትንሽ ዛፍ ከ80 እስከ 100፣ ለትልቅ ዛፍ ከ120 በላይ። ዛፍ የሚቀመጠው ከኮለን (ከምሰሶ) በላይ እንጂ ከሶሌታው መሃል አይደለም። የዛፉን ክብደት ዛሬ ባለው ሳይሆን ከ15 ዓመት በኋላ በሚኖረው ማስላት ይገባል። ነፋስ በሚበረታበት ከፍታ ላይ ሥሩን ከነአፈሩ በማሰሪያ ከገንዳው ወለል ጋር መያዝ ያስፈልጋል። ግንዱን ብቻ በእንጨት መደገፍ ለመንገድ ዳር ችግኝ ይሆናል፤ 12ኛ ፎቅ ላይ ግን አይሠራም።

ከዚያ ንብርብሩ ይመጣል፤ ቅደም ተከተሉ ከተሳሳተ ማረም ማለት ሁሉንም አውጥቶ መጣል ነው። ሶሌታው ወደ መውረጃው 2 በመቶ ያዘነበለ ልስን ይደረግለታል። ከላዩ ውሃ መከላከያው ይነጠፋል፤ በግድግዳው በኩል ከአፈሩ የመጨረሻ ከፍታ 15 ሳንቲ ሜትር በላይ እንዲወጣ ተደርጎ። አፈር ከመግባቱ በፊት መውረጃው ተደፍኖ 5 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይሞላና 48 ሰዓት ይቆያል፤ ከሥር ያለው ፎቅ ኮርኒስ በባትሪ ይፈተሻል። ጊዜ ስለጠበበ የሚዘለለው ፈተና ይኸው ነው። ብዙ ጊዜ የሚያፈስሰው ደግሞ ሜዳው ሳይሆን ማዕዘኑ፣ የቱቦው አንገትና የበሩ ደፍ ናቸው።

ፈተናው ካለፈ በኋላ የሥር መከላከያ ፕላስቲክ ይነጠፋል። ውሃ መከላከያው ራሱ ሥር አያስገባም ተብሎ የተሠራ ካልሆነ በቀር ይህን መተው አይገባም፤ ሥር እርጥበት ወዳለበት ስንጥቅ እየሄደ ይገባል። በላዩ መከላከያ ብርድ ልብስ፣ ከዚያ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ቀዳዳማ የፕላስቲክ ማፋሰሻ፣ ከዚያ አፈሩን ይዞ ውሃውን የሚያሳልፍ ጨርቅ፣ በመጨረሻ አፈሩ። ጨርቁ በገንዳው ጎን ወደ ላይ ካልታጠፈ አፈሩ በዳር እየሾለከ ማፋሰሻውን በሁለት ክረምት ውስጥ ይደፍነዋል።

መውረጃው ከአንድ በላይ መሆን አለበት። እዚህ ከተማ ኃይለኛ ዝናብ በአንድ ሰዓት 100 ሚሊሜትር ሊጥል ይችላል፤ ያ ማለት 50 ካሬ ሜትር በሆነ ሰገነት ላይ 5,000 ሊትር ውሃ ነው። አንዱ መውረጃ በቅጠል ቢደፈን ሌላው መሥራት አለበት፤ ሁለቱም ቢደፈኑ ውሃው በበሩ ሳይሆን በተዘጋጀለት የጎን ቀዳዳ ወደ ውጭ እንዲፈስ ቀዳዳው ከበሩ ደፍ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። በየመውረጃው ላይ ክዳኑ የሚነሳ ሳጥን ይደረጋል፤ ዙሪያውም ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠጠር እንጂ ተክል አይኖረውም። መውረጃውን ከአበባ ሥር የደበቀ አትክልተኛ ለጊዜው ውበት አገኘ እንጂ ችግሩን ለሌላ ሰው አስተላለፈ። ለአዲስ አበባ አንድ ነገር ይጨመር፦ በረዶ። የክረምት በረዶ በደቂቃዎች ውስጥ መውረጃን ይደፍናል፤ ስለዚህ የጎን ቀዳዳው ለእኛ ከሲንጋፖር ይልቅ ያስፈልገናል።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ከማዶ ፓርኩ ውስጥ ሆኖ ሕንፃውን ማየት መልካም ነው። ከፓርኩ ዛፎች እስከ ሆቴሉ እርከኖች ድረስ አረንጓዴው ሳይቋረጥ ይወጣል፤ መንገዱ መሃል ያለ አይመስልም። ዲዛይነሮቹ ተሳክቶላቸዋል።

ቀን 3 — ሆርትፓርክ

ቀላል ቀን ነው። አሌክሳንድራ ጎዳና አጠገብ ያለው ይህ መናፈሻ ለጓሮ አትክልት ወዳጆች የተሠራ ነው፤ ለሕንፃ ሰው ግን ሌላ ታሪክ አለው። ስምንት ዓይነት የተክል ግድግዳ እዚህ ጎን ለጎን ተሠርቶ ተለክቷል፤ ውጤቱም በ2010 ታትሟል። በጠራ ቀን የተሻለው ዓይነት የግድግዳውን ገጽ ሙቀት ባዶ ከሆነው ግድግዳ ጋር ሲነጻጸር እስከ 11.58 ዲግሪ ሴልሺየስ ቀንሶታል። ሐረግ በመረብ ላይ የወጣበት ከዚያ በጣም ያነሰ ቀንሷል። ልዩነቱን መረዳት ቀላል ነው፦ እርጥብ አፈር የያዘ ፓነል ጥላም ይሰጣል፣ እንደ ብርድ ልብስም ይሸፍናል፣ ውሃውም ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ ሐረጉ በዋናነት ጥላ ነው።

ቁጥሩን በጥንቃቄ እንያዘው። የቀነሰው የግድግዳው ገጽ ሙቀት ነው፤ የክፍሉ አየር በ11 ዲግሪ ቀዘቀዘ ማለት አይደለም። ሻጮች ሁለቱን ሲቀላቅሉ ይሰማል።

ፓነሉ ብዙ ቢያቀዘቅዝም ዋጋው፣ ውሃውና ጥገናው የበዛ ነው። ውሃ ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ የላዩ ረድፍ ይደርቃል፣ የታችኛው ይጨቀያል፤ የተክል ግድግዳ ከላይ ቡናማ ከታች ጥቁር ሆኖ ሲታይ ምክንያቱ ይኸው ነው። መድኃኒቱ ግድግዳውን በየ3 ሜትር ከፍታ በተለያየ የውሃ መስመር መክፈልና ለእያንዳንዱ የራሱን ሳራቺኔስካ (የውሃ መክፈቻና መዝጊያ) መስጠት ነው። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ግፊት ስለሚበላ ነጠብጣቢዎቹ (ከመስመሩ ውሃ በጠብታ የሚሰጡት) ግፊትን ራሳቸው የሚያስተካክሉት ዓይነት ይሁኑ። ውሃው አንድ ጊዜ ረዘም አድርጎ ሳይሆን በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ይሰጣል። ከታች የሚቀበል አሸንዳ ከሌለ ማዳበሪያ ያለበት ውሃ የእግረኛ መንገዱን ነጭና አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ሰውም ይንሸራተትበታል። ፓምፑ ለሁለት ቀን ቢቆም ፀሐይ ላይ ያለ ፓነል ሊሞት ይችላል፤ ያቺ ጥቂት ሳንቲ ሜትር አፈር የምትይዘው ውሃ ትንሽ ነው። መብራትና ውሃ በሚቋረጥበት ከተማ ይህን ዓይነት ግድግዳ አንመክርም፤ እዚያ የሚያዋጣው መሬት ላይ ወይም ጥልቅ ገንዳ ውስጥ ሥር የሰደደ ሐረግ ነው።

ቀን 4 — ታንጆንግ ፓጋር

ስለ ሐረግ ከተነሳ ኦዋዚያ ሆቴል መታየት አለበት። ይህም የዎሃ ሥራ ነው፤ በ2016 ተጠናቀቀ፤ 27 ፎቅ። በመስታወትና በግራጫ ማማዎች መካከል ቀይ ሆኖ ይታያል፦ ከውጭ የለበሰው የአሉሚኒየም መረብ ነው ቀዩ፣ በላዩ የሚወጣው ሐረግ ነው አረንጓዴው። 21 ዓይነት ሐረግ ተተክሎበታል። ቁጥሩ ለጌጥ የተመረጠ አይደለም። አንዱ ፀሐይ ይወዳል፣ ሌላው ጥላ፤ አንዱ ነፋስ ይችላል፣ ሌላው ይቀደዳል። ሁሉም ተቀላቅለው ሲተከሉ እያንዳንዱ የሚስማማውን ቦታ ያገኛል፤ አንዱ በበሽታ ቢመታ መላው የሕንፃ ፊት ራቁቱን አይቀርም። መረቡ ራሱ ቀለም ስላለው ሐረግ ያልደረሰበት ቦታ እንኳ ያልተጨረሰ ሥራ አይመስልም። ይህን ብልሃት ከሁሉም በላይ ወደድነው፦ ተክሉ ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ንድፉ ተክሉ ሳይደርስም ቆንጆ መሆን አለበት።

ሐረጉ የሚነሳው ከምድር ብቻ አይደለም። 27 ፎቅ በአንድ ግንድ የሚወጣ ሐረግ የለም፤ ስለዚህ ገንዳዎች በየፎቁ ከመረቡ ጀርባ ተደርድረዋል። በገንዳውና በሕንፃው መካከል ሠራተኛ የሚሄድበት ጠባብ መተላለፊያ አለ። የጥገናው ነገር ሁሉ በዚያች መተላለፊያ ላይ ያረፈ ነው። አትክልተኛው ከውስጥ ቆሞ ይቆርጣል፣ የደረቀውን ያነሳል፣ ነጠብጣቢውን ይፈትሻል፤ በየጊዜው ገመድ የሚወርድ ሰው ወይም ክሬን መቅጠር አያስፈልግም። ተመሳሳይ ነገር የሚነድፍ ሰው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ መደገፊያ ብረት፣ የደኅንነት ቀበቶ መንጠቆና በየፎቁ የውሃ ቧንቧ ይተውለት። የተቆረጠው ቅጠል የሚወርድበትም መንገድ ይታሰብ፤ በእንግዶች ሊፍት ጆንያ ሙሉ ቅርንጫፍ ማውረድ ከተጀመረ ሥራ አስኪያጁ በስድስት ወር ውስጥ ቆረጣውን ያስቆመዋል።

ሐረግ ሲመረጥ የአወጣጡ ዓይነት ከአበባው ይቀድማል። ተጠምዝዞ የሚወጣው ቁመቱን የሚጠመጠምበት ሽቦ ወይም ዘንግ ይፈልጋል፤ በክር መሰል እጆች የሚይዘው ቀጭን መረብ ይሻላል፤ በሥሩ የሚለጠፈው ግን ግድግዳውን ራሱን ይይዛል። የመጨረሻው ዓይነት ጤነኛ ኮንክሪት ላይ ችግር የለውም፤ የተሰነጠቀ ልስን ላይ ግን ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ይወፍራል፣ ሲነቀልም ልስኑን ይዞ ይወርዳል። ቡገንቪል ደግሞ ከነጭራሹ ራሱ አይወጣም፤ በእሾሁ ይደገፋል እንጂ አይጠመጠምም፣ ስለዚህ በየወሩ እየታሰረ መመራት አለበት። መረቡ ከግድግዳው ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ አየር ካልተላለፈ ከቅጠሉ ጀርባ ሻጋታና ነፍሳት ይሰፍራሉ። በመረቡና በግድግዳው መካከል የደረቀ ቅጠል እንዲከማች መፍቀድም እሳት መጋበዝ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ለሲንጋፖር ሐረጎች አይሆንም። ከዚያ ዝርዝር መቅዳት ሳይሆን ዘዴውን ወስዶ የደጋውን ተክል መጠቀም ይበጃል። አዞ ሐረግ በየአጥሩ ማንም ሳይንከባከበው ይወጣል። አፈር ለማይሸከም ጣሪያ ደግሞ ጦስኝ፣ እንዳሁላና እሬት አሉን፤ ጦስኝ በመንዝ ደጋ ስስ አፈር ባለው ድንጋያማ ቦታ የሚበቅል ስለሆነ 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር አፈር እንግዳ አይሆንበትም። ሾላና ዋርካ ግን ውሃ መከላከያ ካለበት ገንዳ ይራቁ፤ ሥሮቻቸው ኮንክሪት ይገፋሉ።

ቀን 5 — ዪሹንና አድሚራልቲ

በሰሜን በኩል በባቡር። ኩ ቴክ ፑዋት ሆስፒታል በ2010 ተከፍቶ ከዪሹን ኩሬ ዳር ተሠርቷል። መሃሉ ወደ ኩሬው የተከፈተ የአትክልት ግቢ ነው፤ ተክሉ ከግቢው ተነስቶ በየፎቁ ጠርዝ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጣሪያው ላይ የአካባቢው በጎ ፈቃደኞች የሚንከባከቡት የአትክልትና የፍራፍሬ እርሻ አለ። ለመስኖ የኩሬው ውሃ ጥቅም ላይ ይውላል። ከአልጋው ላይ ቀና ያለ ሕመምተኛ አረንጓዴ ያያል። ከጎበኘናቸው ሕንፃዎች ተክሉ ለማን እንደተተከለ ከሁሉ ይበልጥ ግልጽ የሆነበት ይህ ነው።

ሆስፒታል ውስጥ ተክል ሲነሳ ትንኝ መነሳት አለበት። ሲንጋፖር የደንጊ ትኩሳት አገር ናት፤ ደንጊን የምታስተላልፈው ትንኝ ከእንቁላል እስከ ክንፍ ለመድረስ ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃታል፣ የጠርሙስ ክዳን የማይሞላ ውሃም አይጠባትም። የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች የረጋ ውሃ ካገኙ ይቀጣሉ። እዚህ አገር ያለው የውሃ መውረጃ ጥንቃቄ ስለዚህ ለኮርኒሱ ብቻ አይደለም። ከማሰሮ ሥር ሰሃን አይቀመጥም፤ ገንዳው ሥር ውሃ የሚጠራቀምበት ክፍል ካለ መሙያ ቱቦው በወንፊት ይከደናል፤ ቅጠላቸው እንደ ጽዋ ውሃ የሚይዝ ብሮሚሊያድ የሚባሉ ተክሎች በየሳምንቱ ይታጠባሉ ወይም የትንኝ እጭ ብቻ የሚገድል የባክቴሪያ ፍሬ ይጨመርባቸዋል። ድሬዳዋና አፋር ደንጊ ስለሚያውቁ ይህ አንቀጽ ለእነሱም ነው።

ከዚያ ካምፑንግ አድሚራልቲ። በ0.9 ሄክታር መሬት ላይ ከታች የሕዝብ አደባባይ፣ ከመሃል የሕክምና ማዕከል፣ ከላይ መናፈሻና ለአረጋውያን የተሠሩ 104 መኖሪያዎች ተደራርበዋል። በ2018 የዓለም የዓመቱ ምርጥ ሕንፃ ተብሎ ተሸለመ። ጣሪያው በእርከን ስለወረደ ከየትም ሆኖ ይታያል፤ እርሻውን የሚንከባከቡት ነዋሪዎቹ ናቸው። የመትከያ ገንዳዎች ለአረጋውያን ሲሠሩ ከፍታቸው ወደ 75 ሳንቲ ሜትር፣ ከአንድ ጎን ብቻ የሚደረስባቸው ከሆነ ስፋታቸው ከ60 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ይሁን፤ ጎንበስ ማለት የማይችል ሰው ወንበር ላይ ሆኖ ያርማል። ከቅጥር አትክልተኛ ይልቅ ነዋሪው የያዘው ገንዳ ዕድሜው ይረዝማል ብለን እናምናለን፤ ጠዋት ጠዋት የሚያየው አለና።

ከተማው ይህን ሁሉ በልመና አላገኘውም። ከ2009 ጀምሮ የሲንጋፖር የከተማ ልማት ባለሥልጣን አልሚዎች በሕንፃው የያዙትን መሬት በአረንጓዴ እንዲተኩ ደንብና ማበረታቻ አውጥቷል፤ የብሔራዊ መናፈሻዎች ቦርድም በዚያው ዓመት ለጣሪያ ተክል የመትከያውን ወጪ እስከ ግማሽ የሚሸፍን ድጋፍ ጀመረ፤ ቆይቶም የግድግዳ ተክልን ጨመረበት። ሊ ኩዋን ዩ የመጀመሪያውን የችግኝ ተከላ ዘመቻ ያስጀመሩት ደግሞ በ1963 ነው።

ቀን 6 — ጋርደንስ ባይ ዘ ቤይ

ከ25 እስከ 50 ሜትር የሚደርሱት 18ቱ ሰው ሠራሽ ዛፎች በ2012 ለሕዝብ ተከፍተዋል። ከውስጥ የኮንክሪት ግንድ፣ ከውጭ የብረት አጥንት፣ በእሱ ላይ የተክል ፓነሎች፣ ከላይ እንደ ተገለበጠ ጃንጥላ የተዘረጋ ጫፍ አላቸው። ትምህርቱ ከዕፅዋት ምርጫው ነው፦ ፈርን፣ ኦርኪድና ብሮሚሊያድ በተፈጥሮ ዛፍ ላይ ተለጥፈው የሚኖሩ ስለሆኑ ጥልቅ አፈር አይጠይቁም። የቀረውን የቦታው የጎብኚዎች መመሪያ ይነግርዎታል።

ወደ አየር ማረፊያው ከመሄድ በፊት የቀረው ጊዜ ለስሌት ይሁን፤ አዲስ አበባ ውስጥ 40 ካሬ ሜትር የሰገነት ገንዳ ለሚያስብ። መስመሮቹ በ40 ሳንቲ ሜትር፣ ነጠብጣቢዎቹ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ቢሆኑ በካሬ ሜትር 8 ያህል ይገባሉ፤ እያንዳንዱ በሰዓት 2 ሊትር ከሰጠ በካሬ ሜትር 16 ሊትር በሰዓት ነው። በበጋ ለቁጥቋጦ በቀን 5 ሊትር በካሬ ሜትር ብንይዝ 19 ደቂቃ ያህል ይበቃል፤ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ግማሹ፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ ግማሹ። ከታንከሩ ቀጥሎ 120 ሜሽ (የወንፊቱ ጥቅጥቅነት መለኪያ) ማጣሪያ፣ ከመስመሩ ጫፍ ደግሞ ማጠቢያ ሳራቺኔስካ ይግባ፤ ማጣሪያው በየሁለት ሳምንቱ ካልታጠበ ነጠብጣቢው ይደፈናል፣ መደፈኑም የሚታወቀው ተክሉ ሲጠወልግ ነው። በቀን 200 ሊትር ማለት ነው። ውሃ ለ10 ቀን ቢጠፋ 2,000 ሊትር፤ አንድ ሮቶ። ሮቶው ሲሞላ 2 ቶን ስለሚመዝን እሱም ከኮለን በላይ ይቀመጥ።

ለአፈሩ ከቢሾፍቱ አካባቢ የሚመጣው ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ቀላልና ቀዳዳማ ስለሆነ ያገለግላል። ለገንዳ የፍሬው መጠን እስከ 1 ሳንቲ ሜትር የሆነው ተነፍቶ 5 እጅ፣ የጓሮ አፈር 3 እጅ፣ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት 2 እጅ ይቀላቀላል። ኮምፖስቱ ከዚህ ከበዛ እየበሰበሰ ስለሚሄድ አፈሩ በሁለት ዓመት ውስጥ ይሰምጣል፤ የተክሉ አንገት ከገንዳው ጠርዝ በታች ወርዶ ይታያል። ተከላው ሰኔ መጀመሪያ ላይ ቢሆን ክረምቱ ሥር ያስይዘዋል፤ ሮቶው ደግሞ የመስከረም ዝናብ ሳይቆም ከጣሪያው አሸንዳ መሞላት አለበት።